ቁጫጭ ቤቱ የት ነው፣ ምንስ ይበላል? ከድሬዳዋ የተነሳ ጥያቄና የተከተሉት 21 ምላሾች

የውይይቱ መክፈቻ አጭር ነበር። ጠያቂዋ ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ናት። ቁጫጭ ጎጆው የት እንደሆነ፣ የሚበላው ጣፋጭ ብቻ እንደሆነ፣ ፍሊት ሲነፋበት ደግሞ ለምን በሌላ ጥግ ተባዝቶ እንደሚወጣ ጠይቃለች። ከጥያቄው ጋር አንድ አቋምም አስቀመጠች፦ ቁጫጭ የሚኖረው ውጭ አፈር ውስጥ ስለሆነ የበሩን ሥር በላምባ ማጠብ ይበቃል የሚል። ውይይቱን ያስረዘመው ይህ አቋም ነው። ምላሾቹን በቁጥራቸው ተከትዬ አስቀምጣለሁ፤ ፍሬ ያለበት ላይ እቆያለሁ፣ የተደጋገመውን አልፋለሁ።

1ኛው ምላሽ በትሕትና የተጻፈ ነው። ላምባ ይሠራል፣ ግን ለአንድ ቀን ይላል። ቁጫጭ መንገዱን የሚያገኘው በአብዛኛው መሬት ላይ እየተወ በሚያልፈው ሽታ ነው። ላምባው ያንን ሽታ ሲያጠፋው ሰልፉ ይበተናል። ላምባው ተንኖ ሲያልቅ ግን ጎጆው ምንም ስላልደረሰበት አዲስ መንገድ ይወጣል። ሽታውን ለማጥፋት ብቻ ከሆነ ሳሙና የገባበት ውሃ እኩል ይሠራል፤ ከሰል በሚነድበት ቤት ወለል ላይ ላምባ ማፍሰስ ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

2ኛው ምላሽ የመኖሪያውን ነገር አረመ። ውጭ ብቻ የሚለው ስሕተት ነው አለ፣ ቦታዎቹንም አንድ በአንድ ቆጠረ፦ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ፣ ከዞኮሎው ጀርባ፣ የተነቀነቀ ሴራሚክ ሥር፣ የሶኬት ሳጥን ውስጥ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠገብ። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው፤ እንቁላሉና እጩ፣ ማለትም ከእንቁላል የተፈለፈለው ትል፣ እርጥበት ካላገኙ ይደርቃሉ። ባሕር ጠለል ላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለችው ድሬ፣ ግንቦትና ሰኔ አፈሩን ከላይ ሲያደርቁት መንጋው ወይ ወደ ጥልቀት ይወርዳል ወይ ውሃ ወዳለበት ግድግዳ ይገባል። ለዚህ ነው ቀትር ላይ የጠፋው ሰልፍ ከመግሪብ በኋላ ብቅ የሚለው። ጎጆውን ለማግኘት ማታ ባትሪ ይዞ ከምግቡ ወደ ኋላ መከተል ነው። ሆዱ የተነፋውን ወይም ፍርፋሪ የተሸከመውን ይከተሉ፤ ባዶውን የሚከተል ሰው ተመልሶ የስኳሩ ዕቃ ላይ ነው የሚደርሰው።

3ኛው ምላሽ ከሁሉም የምወደው ነው። ምን ይበላል ለሚለው አንድ መልስ የለም ብሎ ይጀምራል፤ እስካሁን ስም የወጣላቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ናቸው፣ ዘር ለቃሚ አለ፣ አዳኝ አለ፣ ጣፋጭ ጠጪ አለ። ግን በብዙዎቹ ላይ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ያደገው ጉንዳን ደረቅ ምግብ አይውጥም። አፉ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ፈሳሹን ብቻ ያሳልፋል፣ ደቃቁ ቅሪት ተጠቅልሎ ይተፋል። ታዲያ የዳቦ ፍርፋሪና የሞተ በረሮ እግር ለምን ይሸከማል? ለእጮቹ ነው። ደረቁን የመፍጨት አቅም ያላቸው እነሱ ናቸው። ሠራተኛው የጠጣውን ደግሞ ለራሱ ሆድ ሳያሳልፍ በሌላ ከረጢት ይዞ ይገባና አፍ ለአፍ ለሌሎቹ ያካፍላል። ስለዚህ የፍላጎታቸው ዓይነት ጎጆው ውስጥ ባለው እጭ ብዛት ይወሰናል፤ እጭ ሲበዛ ሥጋና ቅባት፣ ሲያንስ ስኳር። ባለፈው ወር ስኳር የወረረ መንጋ በዚህ ሳምንት ስኳሩን ረግጦ ወደ ወጡ ቢሄድ የሚገርም አይደለም።

4ኛው ምላሽ ይህን ወደ ተግባር አወረደው። መድኃኒት ከመግዛት በፊት አንድ ሰዓት የማይፈጅ ፈተና ይደረግ አለ። ሁለት ቆርኪ ይዘጋጅ፤ በአንዱ ስኳር የሟሟበት ውሃ፣ በሌላው ዘይት ያላት የተፈጨ ኦቾሎኒ። ሰልፉ ከሚያልፍበት ጎን ተራርቀው ይቀመጡና የትኛው እንደተከበበ ይታይ። ቤት ውስጥ የሚገኙትንም በዓይን የሚለዩበትን አስቀመጠ። ቢጫ ሆኖ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላው፣ በቀጭን መስመር የሚሄደው የፈርዖን ጉንዳን የሚባለው ነው፤ በተልባ እግር ልብስ እጥፋት መሐል ሳይቀር ይቀመጣል፣ ንግሥቶቹም ብዙ ናቸው። ጥቁር ሆኖ እግሩ ረጃጅም፣ መስመር ሳይዝ ወዲያ ወዲህ የሚሮጠው ሁሉንም ይበላል፣ ጎጆውንም ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል። ከትንንሾቹ መሐል ጭንቅላታቸው ከአካላቸው ጋር የማይመጣጠን ትልቅ የሆነ ወታደሮች ካሉበት ደግሞ ቅባትና ፕሮቲን ወዳድ ነው፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ሥር አፈር እየገፋ ያወጣል።

5ኛው የፍሊቱን እንቆቅልሽ ፈታ። የፈርዖን ጉንዳን ላይ ፍሊት ሲነፋ የሚሞተው ሰልፍ የወጣው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመንጋው ጥቂቱ ነው። የቀረው እንቁላሉንና እጩን ተሸክሞ ይከፈላል፤ አንዱ ጎጆ ሦስት አራት ይሆናል፣ አንዱ ወጥ ቤት አንዱ መኝታ ቤት። ንግሥት ባትከተላቸው እንኳ ከያዙት እጭ አዲስ ያሳድጋሉ። የጠያቂዋ ፍሊት አልሠራም ማለት ሳይሆን፣ ሠርቶ ነው ያባዛው።

6ኛው የማጥመጃውን አሠራር ሰጠ፣ እኔም ሙሉውን እጽፈዋለሁ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የቦሪክ አሲድ ዱቄት፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ጥጥ። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ፣ ማለትም ከ4 እስከ 5 ግራም፣ ገብቶ እስኪሟሟ ይማሰላል፤ ቀጥሎ ስምንት የሾርባ ማንኪያ ስኳር። ጥጥ በዚህ ተነክሮ ክዳኑ በተበሳ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይገባና ሰልፉ ዳር ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰልፉ ይወፍራል፤ መሥራቱ ነው፣ አይጠረግም። በሳምንት ይቀጥናል፣ ሙሉ በሙሉ ለመጥፋት ግን እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የተረፈው ፈሳሽ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ስሙ በጉልህ ተጽፎበት ከፍ ያለ ቦታ ይቆለፍበት።

7ኛው አልተስማማም። አንድ ማንኪያ ለድሬ ቁጫጭ ቀልድ ነው፣ ሦስት ይሁን፣ እዚያው ይድፋው አለ።

8ኛው ቆጣ ብሎ መለሰለት፣ አንተ ማለቱንም ትቶ እርስዎ አለው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ሲመጣ ነገሩ መክረሩ ነው። እዚያው መድፋት የማጥመጃው ውድቀት እንጂ ስኬት አይደለም ሲል አስረዳ። የመርዙ ጉልበት በዝግታው ላይ ነው፤ 1 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ሠራተኛዋ ጠጥታ፣ ገብታ፣ ለእጭና ለንግሥት አካፍላ ነው የምትሞተው። ሦስት እጥፍ ሲሆን መንገድ ላይ ትቀራለች፣ ወይም ከነአካቴው አትቀምሰውም። ንግሥቲቱ ካልጠጣች የተገደለው ሁሉ በሳምንታት ይተካል። 3ኛውን ምላሽ ሳያነቡ መጠን መጻፍ ሰው ማሳሳት ነው ብሎ ዘጋ። አነጋገሩ ከረር ቢልም ትክክል ነው።

9ኛው አስታራቂ ነው። የ7ኛው ሰው ያየው ችግር፣ የማጥመጃው አለመሥራት፣ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው አለ። በድሬ ሙቀት በቆርኪ የተቀመጠ ስኳር ውሃ በአንድ ቀትር ግማሹ ይተናል። ውሃው ሲቀንስ መርዙ ይጠነክራል፣ ስኳሩም ይረጋል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ከልክ ያለፈ ነው። መፍትሔው ጥላ ቦታ፣ ክዳን ያለው ዕቃ፣ በየሁለት ቀኑ አዲስ ፈሳሽ። ቅባት ወዳድ ከሆነ ደግሞ የባቢሌ ኦቾሎኒ ያለ ጨው ተፈጭቶ፣ ለ100 ግራም ከ1 እስከ 2 ግራም ቦሪክ አሲድ በደንብ ይታሽበት። ይህ አይተንም፣ ግን በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል፤ ያኔ ይጣል።

10ኛው ከሐረር መጣ፣ ወሬውም ወደ ሌላ ሄደ። ጀጎል ውስጥ ባለ አሮጌ የሐረሪ ቤት የጣሪያውን እንጨትና መደርደሪያውን ጉንዳን እየበላው ነው፣ ቦሪክ አሲዱ ለዚያም ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው።

11ኛው ጉንዳን እንጨት አይበላም ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። 12ኛው ግን ታግሦ አስረዳ፣ ለጠያቂውም ጋሼ እያለ። እንጨት የሚበላው ምስጥ ነው። ነጭ ጉንዳን የሚሉት ሰዎች ቢኖሩም የሥጋ ዘመዱ በረሮ ነው፤ ጉንዳን የንብና የተርብ ወገን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ፤ ምስጥ ወገብ የለውም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። ክንፍ አውጥተው ሲበሩ የምስጥ አራቱ ክንፎች እኩል ናቸው፣ የጉንዳን የፊቶቹ ይረዝማሉ። ምስጥ ብርሃን ስለሚሸሽ በግድግዳው ላይ የጭቃ ቦይ ይሠራል፤ ቦዩ በቢላ ተከፍቶ በማግሥቱ ከተደፈነ ውስጡ ሕይወት አለ ማለት ነው። ድንጋይና ጭቃ በተደራረበበት ግንብ ምስጥ ከመሬት እስከ ጣሪያ ሳይታይ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚፈተሸው ጣሪያው ብቻ ሳይሆን የግድግዳው እግርና ውሃ የሚያፈሰው ቦታ ጭምር ነው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ጥገናው ለሚመለከተው የቅርስ ባለሙያ ሳይነገር ሲሚንቶ አይመረግበት ሲልም አከለ። አንድ ቁምነገር ጨመረ፦ ጉንዳን የምስጥ ዋነኛ ጠላት ነው፤ ለይቶ ምስጥ ብቻ እያደነ የሚኖር፣ በሰልፍ ወጥቶ ምስጥ ተሸክሞ የሚመለስ ትልቅ ጥቁር ዝርያ አፍሪካ ውስጥ አለ። ግቢ ውስጥ ያለውን ጉንዳን ሁሉ የሚፈጅ ሰው ለኩይሳው በር እየከፈተ ነው።

13ኛው ደግሞ የማሽላን ነገር አነሳ። አውድማ ላይ ያደረ ማሽላ በጉንዳን እየተጋዘ ነው፣ ስኳር አይነካም፣ ሥጋም አይነካም፤ ምንድን ነው?

14ኛው ዘር ለቃሚ ነው ብሎ መለሰ፣ የሳይንስ ስሙም ሜሶር። ጎጆው በቀላሉ ይታወቃል፤ የቀዳዳው ዙሪያ ተመንጥሮ ገለባና ገለፈት ክብ ሠርቶ ይከመራል። ውስጡ ክፍል ክፍል ነው፣ ለእህል ብቻ የተለዩ ጎተራዎች አሉት። ዘሩ እንዳይበቅልበት የሚያቆጠቁጠውን ጫፍ ይነክሰዋል፤ ዝናብ ከገባበት አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይመልሰዋል። ፍሬውን አላምጦ እንደ ሊጥ አድርጎ ነው ለእጮቹ የሚያቀርበው። የሐረርጌ ገበሬም አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ምሶ ማሽላውን መሬት ውስጥ ያከማቻል፤ ሁለቱም እህል አዋቂዎች ያው አንድ ብልሃት ላይ ደርሰዋል። መከላከያው መርዝ አይደለም፣ የምንበላው እህል ነውና። አውድማው ገለባ ክብ ካለበት በብዙ እርምጃ ይራቅ፤ የተወቃው ሸራ ላይ ይሁን፣ ሳይመሽም በጆንያ ይነሳ። የ6ኛው ስኳር ውሃ እዚህ ዋጋ የለውም።

15ኛው የብርቱካን ጥያቄ ነው። ቅጠሉ ጥቀርሻ የተቀባ መስሏል፣ ጉንዳን ግንዱን ይወጣል ይወርዳል፤ ጉንዳኑ ቅጠሉን እየበላው ነው ወይ? 16ኛው አይደለም አለ። ቅጠሉ ይገልበጥ፤ ክሽክሽ፣ ወይም ጥጥ የመሰለ፣ ወይም እንደ ቅርፊት የተለጠፈ ተባይ ይገኛል። እነዚህ የተክሉን ፈሳሽ ጠጥተው የተረፋቸውን ስኳር ከኋላቸው ያወጡታል፤ ጉንዳኑ እሱን ይልሳል፣ በለውጡም ተባዮቹን ከሚበላቸው ጥንዚዛና ከትንንሽ ተርቦች ይጠብቃል። ጥቁሩ ነገር ቅጠል ላይ በፈሰሰው ስኳር የበቀለ ሻጋታ ነው። ማንጎ ላይ ያለውም ይኸው ነው ብሎ ሲጨምር ግን ተሳሳተ።

17ኛው ወዲያው አረመው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ታይቶ ከዚያ የተስፋፋው ነጩ የማንጎ ስኬል፣ እንደ ቅርፊት ከሚለጠፉት ተባዮች፣ ጋሻ ካላቸው ወገን ነው፤ ጋሻ ያላቸው ስኬሎች ጣፋጭ ፈሳሽ አይሰጡም፣ ጉንዳንም አይጠብቃቸውም። ስለዚህ ማንጎ ላይ ጉንዳን መከልከል ለዚያ ተባይ ምንም አይፈይድም። ለብርቱካኑ ግን ይፈይዳል፣ አደራረጉም እንዲህ ነው፦ ግንዱን ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጨርቅና በላዩ በፕላስቲክ መጠቅለል፣ የቅርፊቱን ስንጥቅ በጥጥ መድፈን፣ ግራሶውን ፕላስቲኩ ላይ መቀባት። ቅርፊቱ ላይ በቀጥታ ከተቀባ ግንዱን ያቃጥለዋል። መሬትና አጥር የሚነካ ቅርንጫፍ አንድ እንኳ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ በዚያ ይሻገራሉ። የድሬ አቧራ ደግሞ ግራሶውን በሳምንት ድልድይ ያደርገዋል፣ እየተጠረገ ይታደስ። ቅጠሉን ለማጠብ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ጠዋት በማለዳ፤ ቀትር ላይ ከሆነ ቅጠሉ ይቃጠላል።

18ኛው ወደ ወጥ ቤት መለሰን። ሙሸበክና ስኳር የሚቀመጥበትን ቁም ሳጥን አራቱን እግሮች ውሃ ባለው ጣሳ ውስጥ ማቆም ከሁሉ ይሻላል አለ፤ የጥንት ዘዴ ነው፣ ብዙዎችም ወደዱለት።

19ኛው የውይይቱ ኃይለኛ ምላሽ ነው። ይህን በድሬዳዋ መምከር ቁጫጭ አባሮ ትንኝ ማርባት ነው ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 በትንኝ የሚተላለፈው የዴንጊ ትኩሳት የገባበት፣ በ2022 ደግሞ በማጠራቀሚያ ውሃ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለ የወባ ትንኝ ያባባሰው የወባ ወረርሽኝ ያየ ከተማ ነው። በርሜልና ሮቶ ላይ ክዳን እንዲደረግ እየተለመነ ቤት ውስጥ አራት ጣሳ ውሃ ይቀመጣል? በሙቀቱ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። የዴንጊዋ ትንኝ እንቁላል የጣሳው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ውሃው ቢደፋም ለወራት ደርቆ ይቆያል፣ እንደገና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ቁጣው ሰውን ሳይሆን ምክሩን የነካ ስለነበር ማንም አልተቀየመም። 18ኛውም ምስጋና ጽፎ ምክሩን አሻሻለ፦ በውሃ ፋንታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሳይሆን ንጹሕ የምግብ ዘይት፣ ወይም የእግሩ መሐል ላይ የግራሶ ቀለበት፤ ቁም ሳጥኑም ከግድግዳ አራት ጣት ይራቅ፣ ካልሆነ በግድግዳው ይሻገራሉ። ደረቅ አመድ በእግሩ ዙሪያ መነስነስም ይሠራል፣ እስኪረጥብ ድረስ ብቻ።

20ኛው ከርዕሱ የራቀ ነው፣ ግን አልዘለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በጣና አካባቢ ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚኖር ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የሚባል ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ አንድ መንጋ እንደሚመሠርት አሳይቷል፤ ጎጆዎቹ ብዙ ናቸው፣ ነዋሪዎቹ ግን እርስ በርስ አይጣሉም። የ5ኛው ምላሽ የፈርዖን ጉንዳንም በትንሹ ይኸው ጠባይ አለው፦ ብዙ ንግሥት፣ ብዙ ጎጆ፣ አንድ መንጋ። ስለዚህ በጉርብትና ባለ ቤት፣ በተለይ ግድግዳ በሚጋሩት የመጋላና የገንደ ቆሬ ቤቶች፣ አንዱ ብቻውን ማጥመጃ ቢያስቀምጥ ከጎረቤት ይተካበታል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ይጀምሩ፣ ጎረቤትየውም ፍሊቱን ያቁም።

21ኛው ጠያቂዋ ራሷ ነች። የ4ኛውን ፈተና አድርጋ ኦቾሎኒው እንደተከበበ፣ ስኳሩ ግን እንደተተወ፣ ቢጫው ቀጭን ሰልፍም የማቀዝቀዣው ሶኬት ውስጥ እንደሚገባ ጻፈች። 2ኛው ሰው ከሥሩ መልሶላታል። ሶኬቱ ውስጥ ምንም አይነፋ፣ ፈሳሽ ማጥመጃም አጠገቡ አይቀመጥ፤ የ9ኛው ምላሽ የኦቾሎኒ ሊጥ ሽምብራ ታክል ተደርጋ በካርቶን ቁራጭ ላይ ከሶኬቱ አንድ ስንዝር ርቃ ሰልፉ ዳር ትቀመጥ። በየሦስት ቀኑ ትቀየር። ሰልፉ ከጠፋ በኋላ ቆጣሪው ጠፍቶ ሶኬቱ ይከፈትና ሽቦው የገባበት ቀዳዳ ይደፈን፤ ቀድሞ ከተደፈነ ግን በሌላ በኩል መውጫ ይፈልጋሉ።